የጋዙ ጉድጓድ

በዘጠኝ ዓመቴ አንዲት ሴት አሳስሬአለሁ። ዋሽቼ አይደለም። ከአፏ የሰማሁትን ሳልጨምርና ሳልቀንስ፣ አነጋገሯን ሳይቀር አስመስዬ ነው የተናገርኩት። እስከ ዛሬ የሚከነክነኝም ይኸው ነው። ዋሽቼ ቢሆን ኖሮ ምን ብዬ ይቅርታ እንደምጠይቅ ባወቅኩ ነበር።

ነገሩ የሆነው በ1976 ዓ.ም. ክረምት ጂንካ ውስጥ ነው። አባቴ ጎሳዬ ከደብረ ማርቆስ ተመድቦ የመጣ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር። ከአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ባሻገር «የገጠር ኃይል ማሳያ ጣቢያ» የሚል ሰሌዳ የተሰቀለበት ግቢ አለ፤ የዚያ ኃላፊ እሱ ነው። ግቢው ውስጥ አንድ የከብት በረት፣ አንድ የቆርቆሮ ቢሮ፣ እኛ የምንኖርባት ሁለት ክፍል ቤት፣ መሃል ላይ ደግሞ ጉድጓዱ ነበር።

ጉድጓዱ ከሁለት ሰው ቁመት ይበልጣል። ቆፍሮ ዙሪያውን በድንጋይና በሲሚንቶ የገነባው ሶርሳ የሚባል የአሪ ግንበኛ ነው። አፉ ላይ እንደ ተገለበጠ ትልቅ ድስት ያለ የብረት ክዳን ተደፍቶበታል።

«ይሄ ሆድ ነው፣ ጥሩዬ» አለኝ አባዬ አንድ ቀን፣ ክዳኑን መታ መታ እያደረገ። «ልክ እንደ ላም ሆድ። እበት ይበላል፣ ውኃ ይጠጣል፣ ያብላላል። ከዚያ ጋዝ ይሰጠናል። በጋዙ እናትሽ ያለ ጭስ ታበስላለች። የጂንካ ሴት ሁሉ ያለ ጭስ ታበስላለች። ጫካ የሚቆርጥ አይኖርም።»

አባዬ ሆድ ነው ካለ ሆድ ነው። ጠዋት ጠዋት ክዳኑን ከፍ ብሎ ሳገኘው ሲተነፍስ ያደረ ይመስለኛል። ጆሮዬን ብረቱ ላይ ሳሳርፍ ውስጡ ያጉረመርማል። ትንፋሹ የገማ እንቁላል ይሸታል። ሶርሳ ዳር ዳሩን ሲጠርግ ዝግ ያለ ዜማ ያፏጭ ነበር። እኔ ጉድጓዱን የሚያባብለው ይመስለኝ ነበር። ዜማው መዝሙር መሆኑን፣ ቤተ ክርስቲያናቸው ያን ጊዜ ታሽጎ ስለነበር ቃሉን ጮክ ብሎ መዘመር እንደማይችል ያወቅኩት ካደግኩ በኋላ ነው።

በዚያው ዓመት ማገዶ ተከለከለ።

አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ስብሰባ ተጠራ። ጓድ መኮንን የሚባል ከአርባ ምንጭ የተላከ ካድሬ በድምፅ ማጉያ ተናገረ። «ከኋላ ቀር ማገዶ ወደ ሳይንሳዊ ኃይል!» ሲል እኛ ተማሪዎቹ ግራ እጃችንን ወደ ላይ ወረወርን። «ደን የሚያወድም አሻጥረኛ ነው!» ሲልም ወረወርን። አሻጥረኛ ምን እንደሆነ አላውቅም። ስኳር ሲጠፋ አሻጥረኛ አጠፋው ይባላል፤ ድልድይ ሲሰበርም አሻጥረኛ ሰበረው ይባላል። በኔ ሐሳብ ጀርባው እንደ ጅብ የተንጋደደ፣ አፉ ግን የሰው የሆነ ነገር ነበር። ይደርሳል ብሎ የተናገረው ሁሉ የሚደርስለት።

የማገዶውን መመሪያ በኋላ ከአባቴ ሣጥን አግኝቼ አንብቤዋለሁ። አማራጭ ኃይል ለሕዝቡ በተዳረሰበት አካባቢ ማገዶ ቀስ በቀስ እንዲቀር ነው የሚለው። ጂንካ የደረሰው አንድ ጉድጓድ ነበር፤ እሱም ገና አንዲት ምድጃ አላቀጣጠለም። ክልከላው ግን ወዲያው ሪፖርት ሊደረግበት የሚችል ነገር ስለሆነ ቀድሞ መጣ።

እኛ ቤት እንጨት የምታመጣው አስካል ነበረች። ከከተማው በላይ ካለው የአሪ መንደር በየሁለት ቀኑ ከጀርባዋ የሚሰፋ ሸክም ይዛ ትወርዳለች። እኔና ልጇ አበዛሽ አንድ ክፍል፣ አንድ ዴስክ ነበርን። ክልከላው በወጣ ሳምንት የአብዮት ጥበቃ ሰዎች አስካልን በራችን ላይ አስቆሙና የሸክሟን ገመድ በቢላ ቆረጡት። አላለቀሰችም፣ አልተሳደበችም። እንጨቱ ሲበተን ቆማ አየች። ከዚያ ቀና አለችና በአጥሩ ክፍተት የኛን የብረት ክዳን ትክ ብላ ስታየው ቆየች። እኔ አጥሩ ሥር ቁጢጥ ብዬ ነበር። አስተያየቷ አስፈራኝ።

እንጨቱ ከቀረባት በኋላ የሴቶች ማኅበሩ እሷንና ሌሎች አምስት ሴቶችን እበት እየተሸከሙ ለጣቢያው እንዲያቀርቡ መደባቸው። በየቀኑ ጉድጓዱን የምታበላው እሷ ሆነች ማለት ነው። እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ ክዳኑ መነሣት አቆመ። ጆሮዬን ባሳርፍበትም ዝም ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደርሷል። ከአርባ ምንጭ እንግዶች መጥተው ጋዙ ሲነድ እንዲያዩ ቀን ተቆርጧል። ጓድ መኮንን በላንድሮቨሩ እየተመላለሰ ይመጣ ጀመር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቢሮው በር ላይ ስጫወት ንግግራቸው በከፊል ተሰማኝ።

«ቢያንስ ሳምንት መቆየት አለበት፣ ጓድ» ይላል አባዬ።

«አንድ ቀን። ከዚያ በላይ አይቆይም።»

«አደጋ አለው።»

«አደጋው በዓሉ ላይ እሳት ያልታየ እንደሆነ ነው። ለአንተም፣ ለእኔም።»

ወደ ቤት ሮጬ ለእማዬ ነገርኳት። «እንግዳው አንድ ቀን ብቻ ነው የሚቆየው! አባዬ ሳምንት ይቆይ ቢል እምቢ አሉት!»

እማዬ ከበቡሽ የምትወቅጠውን ትታ አየችኝ። «የምን እንግዳ?» አለች።

በማግስቱ ስምንት ሰዎች ክዳኑን በሰንሰለት ጎትተው አወረዱት። ግማቱ ሜዳውን አቋርጦ ከተማው መሃል ደረሰ አሉ። አባዬ በዚያ ቀን ምሳ አልበላም። ግንባሩ ላብ በላብ ነው። ወባው የተነሣበት መስሎኝ ብርድ ልብስ አምጥቼ ጉልበቱ ላይ ጣል አደረግኩለት። እሱ ግን አንድ ሰማያዊ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ይዞ ያንኑ አንድ ገጽ ደጋግሞ ያነባል።

አስካል የመጣችው ያኔ ነው። በር ላይ ቆመው ሲነጋገሩ እኔ ከጓሮ የታጠበ ሰሃን ይዤ እየመጣሁ ነበር። መጀመሪያ ያወራችው ዝቅ ባለ ድምፅ ስለነበር አልሰማሁትም። ከዚያ አባዬ «እሺ፣ ሰምቻለሁ፤ ለሰው አታውሪ፣ ሂጂ» አላት። ይሄኔ ድምፅዋን ከፍ አደረገች። ጣቷን ወደሱ ቀስራ፣ በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ፦

«ጉድጓድ ሰው ይበላል፣ ጋሼ! ሰው ይበላል! ወንድሜ ነው! ነግሬሃለሁ!»

ሰሃኑን አቅፌ ደርቄ ቀረሁ። ጉድጓዱ ወንድሟ ነው። ሰው ይበላል። «ነግሬሃለሁ» ደግሞ እማዬ ልትመታኝ ስትል የምትናገረው ቃል ነው።

ሶርሳ የአስካል ታናሽ ወንድም ነበር። ይህን ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እኔ አላውቅም ነበር። ዝቅ ባለ ድምፅ የነገረችውንም ቢሆን አበዛሽ ናት ከዓመታት በኋላ የነገረችኝ። ጠዋት አንዲት ጥቁር ውሻ ዝቃጩ ወደሚወጣበት ገንዳ ገብታ ነበር። ሳትጮኽ፣ ሳትንፈራገጥ፣ እንደ ደከማት ጋደም አለች፤ በዚያው ቀረች። አስካል ይህን አይታ ነው ሶርሳን ወደዚያ አትላክብኝ ብላ ልትለምን የመጣችው።

በማግስቱ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሶርሳ ሥሩ ላይ የቀረውን ዝቃጭ ሊጠርግ አካፋውን ይዞ በመሰላሉ ወረደ። አባዬ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሟል። ጓድ መኮንን ራቅ ብሎ መኪናው ላይ ተደግፏል። ሴቶቹ እበት እያራገፉ ነው። እኔና አበዛሽ የበረቱ አጥር ላይ ተቀምጠናል። የሶርሳ ፉጨት ከውስጥ ይሰማ ነበር። ከዚያ ፉጨቱን አቆመና ደስ ብሎት ጮኸ፦

«ጋሼ! ሽታው ጠፋ እኮ!»

ሌላ ቃል አልተናገረም።

አሥረኛ ክፍል ስደርስ ያ ጋዝ ሲበዛ አፍንጫን እንደሚያደነዝዝ፣ ሽታው የሚጠፋው ሊገድል ሲል መሆኑን የኬሚስትሪ አስተማሪያችን ሰሌዳ ላይ ጽፎ አስረዳን። ሌሎቹ ልጆች ይገለብጡ ነበር። እኔ ተነሥቼ ወጣሁ።

«ሶርሳ!» አለ አባዬ። «አንተ ሶርሳ!» ከሠራተኞቹ አንዱ ሊወርድ እግሩን መሰላሉ ላይ ሲያሳርፍ አባዬ ከኋላ አንገቱን ይዞ ጎተተው። «ማንም እንዳይገባ! ማንም!» እንዲህ ሲጮኽ ሰምቼው አላውቅም። ያን ሰው አባቴ አድኖታል፤ ይህንንም መደበቅ አልፈልግም። ግን ማንም መግባት እንደሌለበት ያወቀው በዚያች ሰከንድ አልነበረም።

አስካል ቅርጫቷን ጥላ ሮጠች። ሦስት ሰዎች ያዟት። በአሪኛ አንድ ቃል ብቻ ደጋግማ ትጮኻለች። ወንድሜ ነው ያለችውን ጉድጓድ እያዘዘችው፣ «ብላ» እያለችው መሰለኝ። ፈርቼ ከአጥሩ ወረድኩ። አበዛሽ ቃሉን በኋላ ተረጎመችልኝ። «ገመድ» ነበር። ገመድ አምጡ።

ሶርሳን በረጅም እንጨት ጫፍ በታሰረ ሜንጦ ጎትተው ያወጡት እኩለ ቀን ሲሆን ነው። እማዬ በነጠላዋ ሸፍና ወደ ቤት አስገባችኝ።

በሦስተኛው ቀን ጓድ መኮንን ቤታችን መጣ። ደብተር ይዟል። ለእኔ ከረሜላ ሰጠኝ። አባዬ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጦ መሬት መሬት ያያል፤ እማዬ የጓሮው በር ላይ ቆማለች።

«እበት የሚገባበት ቱቦ ውስጥ ሣር ተጠቅጥቆ ተገኝቷል» አለ ጓድ መኮንን። «ሆን ተብሎ ነው። ማገዶ በመከለከሉ ያኮረፉ አሉ። እበት የሚያመጡት እነማን እንደሆኑ ይታወቃል።» ከእበት ውስጥ ሣር መገኘቱ በዚያ ቤት ውስጥ ማንንም አላስገረመም። ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ጎበዝ ተማሪ ነሽ አሉ። እዚህ ግቢ መጥፎ ነገር ሲናገር የሰማሽው ሰው አለ?»

«ልጅ ናት» አለች እማዬ።

«ልጅ አይዋሽም፣ እመቤቴ።»

ተነሥቼ ቆምኩ። ትምህርት ቤት እንደምናደርገው እጄን ወደ ኋላ አደረግኩ። «አስካል፣ ‹ጉድጓድ ሰው ይበላል፣ ጋሼ! ሰው ይበላል! ወንድሜ ነው! ነግሬሃለሁ!› አለች።» ጣቴንም እንደሷ ቀሰርኩ።

ጓድ መኮንን ይጽፍ ነበር። «ወንድሜ ነው» ስል ብዕሩ ቆመ። ከዚያ ያን ዘሎ ቀጠለ። ዓይኔ ደብተሩ ላይ ስለነበር አይቻለሁ፤ ግን የዘለለው ስላልሰማኝ መስሎኝ «ወንድሜ ነው ብላለች» ብዬ ደገምኩለት።

«ይበቃል፣ ጎበዝ።» ወደ አባዬ ዞረ። «ጓድ ጎሳዬ፣ እውነት ነው? እንደዚህ ብላለች?»

አባዬ ቀና አለ። መጀመሪያ እማዬን አየ፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ። በእኔ ኮርቶ እንዲያ ያየኝ መሰለኝ።

«ብላለች» አለ።

አስካልን ከዚያች ቀን በኋላ ለዓመታት ጂንካ ውስጥ ያያት የለም። በላንድሮቨር ወደ አርባ ምንጭ ወሰዷት። እማዬ አልጋዋን ለይታ ከኔ ጋር መተኛት ጀመረች፤ አባትሽ ወባ ስላለበት ነው አለችኝ። ወባ ከሰው ወደ ሰው በአልጋ እንደማይተላለፍ በዚያ ዕድሜዬም አውቅ ነበር፤ ግን አልጠየቅኩም።

በበዓሉ ቀን ክዳኑ ቀለም ተቀብቶ ተመልሶ ተደፍቶ ነበር። እንግዶቹ ድንኳን ሥር ተቀመጡ። አባዬ አዲስ ካኪ ለብሶ ምድጃውን ሲለኩስ ሰማያዊ እሳት ቱግ አለ። ሕዝቡ አጨበጨበ፤ እኔም እጄ እስኪቃጠል አጨበጨብኩ። ከምድጃው በስተጀርባ፣ ከጆንያ በተሠራው ግርዶሽ ሥር አንድ የቡታጋዝ ሲሊንደር ተደብቆ ነበር። ባለፈው ምሽት ከመኪና ሲወርድ አይቼዋለሁ፤ የእንግዶቹ መጠጥ መስሎኝ ነበር። በዚያ ቀን የተላከው ሪፖርት ቅጂም ሣጥኑ ውስጥ አለ። «የአውራጃው ሕዝብ ከማገዶ ጥገኝነት በመላቀቅ ላይ ይገኛል» ይላል። ሴቶቹ እንጨቱን በሌላ መንገድ፣ ወንዝ ወንዙን ይዘው ያመጡት ጀመር። በዓመቱ ጉድጓዱ በአፈር ተደፈነ።

ትምህርት ቤት ሲከፈት ሰልፍ ፊት አቁመው «ንቁ ሕፃን» አሉኝ። አበዛሽ አልመጣችም። ዴስኩ ለብቻዬ ስለቀረ ደብተሮቼን ዘርግቼ መቀመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ላይ ደስ ብሎኝ ነበር።

ከኬሚስትሪው ክፍል ወጥቼ በሄድኩበት ቀን ነው የአባቴን ሣጥን የከፈትኩት። ሰማያዊው መጽሐፍ የጋዝ ጉድጓድ አሠራር መመሪያ ነበር። ገጽ አርባ አንድ ላይ፣ ክዳኑ ከተነሣ በኋላ ጉድጓዱ ተራግፎ ቢያንስ ሰባት ቀን ሳይናፈስ ሰው እንዳይገባ፣ ከዚያም በኋላ ገመድ ሳይታሰርበት እንዳይወርድ ይላል። ከሥሩ በእርሳስ ተሰምሮበታል።

«ያሰመርከው አንተ ነህ?» አልኩት።

«እኔ ነኝ» አለ። አልካደም። ከዚያ እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ በለሰለሰ ድምፅ፣ «ልጅ ነበርሽ፣ ጥሩዬ። በዚያ ነገር አንቺን የሚወቅስሽ የለም» አለኝ። እኔን እያጽናናኝ ነበር። ትከሻዬን ከእጁ ሥር አወጣሁ።

በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ላይ መንግሥት ወደቀ። የአርባ ምንጭ እስር ቤት ጠባቂዎች ጥለው ሄዱ፤ እስረኛው በእግሩም በመኪናም ወደየቀዬው ተበተነ። ጓድ መኮንን የት እንደገባ እስከ ዛሬ አላውቅም። ሰኔ ላይ አስካል ገብታለች ሲባል ሰማሁና ወደ መንደራቸው ወጣሁ። ሰባት ዓመት ጠጉሯን ነጭ አድርጎታል። በዱላ ነው የምትሄደው። ደጃፏ ላይ ቆምኩ።

«የጎሳዬ ልጅ» አለች። አማርኛዋ በእስር ቤት ተስተካክሏል። «አባትሽ አለ?»

«አለ።»

«እሱ ይምጣ። እሑድ፣ ሰው ከጸሎት ሲወጣ። እሱ ይምጣና ይንገራቸው።»

ለአባቴ ቃሏን እንዳለ አደረስኩ። እሑድ ጠዋት ተነሥቶ ጢሙን ተላጨ፣ ሙሉ ልብሱን ለበሰ፣ ጫማውን ራሱ ቦረሸ። «መጣሁ» ብሎ ወጣ። በሩ ላይ ቆሜ ጀርባውን ሳይ ዓይኔ እንባ ሞላ። ከሰባት ዓመት በኋላ አባቴን እንደገና ወደድኩት። ከኋላው ስከተለው ካየኝ እንዳያፍር ብዬ አንድ ሰዓት ያህል ቆየሁና ዳገቱን ወጣሁ።

አስካል ደጅ የመንደሩ ሰው ተሰብስቧል። ሽማግሌዎቹ ድንጋይ ላይ፣ ሴቶቹ ሣሩ ላይ ተቀምጠዋል። ፊት ለፊታቸው አንድ አግዳሚ ወንበር ባዶውን ቆሟል።

«አባትሽስ?» አለች አስካል።

«ቀድሞኝ ወጥቷል።»

ጠበቅን። ፀሐይዋ አናታችን ላይ ደርሳ አለፈች። ሕፃናቱ ተሰላችተው ሄዱ። ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አንድ የመንደሩ ሰው ከከተማ ተመለሰ። በአሪኛ አንድ ሁለት ቃል ተናገረ፤ ሰዎቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። አጠገቤ የቆመችው አበዛሽ ናት የነገረችኝ። አባቴን ጠዋት ወደ አርባ ምንጭ በሚሄድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ ተሳፍሮ አይቶታል።

አስካል ለረጅም ጊዜ መሬቱን በዱላዋ ጫፍ ጫር ጫር አደረገች። ከዚያ ወደ ወንበሩ በአገጯ አመለከተችኝ።

ሄጄ ተቀመጥኩ። ሁሉንም ነገርኳቸው። አርባ አንደኛውን ገጽ፣ ሰባቱን ቀን፣ የቆመውን ብዕር፣ አባቴ «ብላለች» ማለቱን፣ እኔ ጣቴን መቀሰሬን። አበዛሽ እየተከተለች ወደ አሪኛ መለሰችው። አጎቷ ጉድጓዱ ውስጥ የተናገረው ቃል ላይ ስትደርስ እናቷን አየት አድርጋ ቀጠለች።

ስጨርስ ከኋላ አንድ ሽማግሌ በሁለት ሰው ተደግፎ ገና እየገባ ነበር። የሶርሳና የአስካል አጎት ነው አሉ። ቦታ ለቀው አስቀመጡት። አስካል እስኪረጋጋ ጠበቀችና ወደ እኔ ዞረች።

«እሱ አልሰማም» አለች። «ከመጀመሪያ ንገሪ።»

አበዛሽ ጉሮሮዋን ጠረገች። እኔም ከመጀመሪያው ጀመርኩ።